የሰማይ ዳገትና የሰማይ ሜዳ፦ የትንሽ አውሮፕላን ፕሮፔለር ፒች ለምን ይስተካከላል?



ስለ አውሮፕላን ሲወራ ክንፉና ሞተሩ ብዙ ይነገርላቸዋል። የዛሬው ርእሳችን ከሁለቱ መካከል ቆሞ እምብዛም የማይወራለት ፕሮፔለር ነው። ሞተር የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ብቻውን አውሮፕላን አያስኬድም። ያ ጉልበት ወደ ጉዞ የሚለወጠው በፕሮፔለሩ በኩል ነው። የፕሮፔለሩ ብሌዶች የተዘነበሉበትን ልክ ሙያተኞች ፒች ይሉታል። ይህ ዘንበል በጥቂት ዲግሪ ሲለወጥ፣ ሞተሩም ነዳጁም አብራሪውም እነዚያው ሆነው ሳለ አውሮፕላኑ ሌላ ጠባይ ያመጣል።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሽቅብ ለመውጣት የሚስማማው ፒችና ለረጅም ጉዞ የሚስማማው ፒች የተለያዩ ናቸው፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምርጫ ከሁሉ በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክብ እየሠራ የሚሄድ ክንፍ

ራይት ወንድማማቾች በ1903 ለበረሩባት አውሮፕላን ፕሮፔለር ሊሠሩ ሲነሡ ከመርከብ ሠሪዎች ዕውቀት እንበደራለን ብለው አስበው ነበር። ሆኖም ሊያሰሉበት የሚችሉት ንድፈ ሐሳብ አላገኙም። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንድ ትልቅ ሐሳብ ላይ ደረሱ፦ ፕሮፔለር ክብ እየሠራ የሚሄድ ክንፍ ነው። በዚህ ሐሳብ አስልተው ከእንጨት የጠረቧቸው ሁለት ፕሮፔለሮች እያንዳንዳቸው 2.6 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው፤ ከሞተሩ ከተቀበሉት ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉን ወደ መግፊያ ኃይል ይለውጡ ነበር። ለመጀመሪያ ሙከራ እጅግ የሚደነቅ ውጤት ነው።

ይህን ሐሳብ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም። ክንፍ አየሩን በመጠነኛ ማዕዘን ሲገጥመው አውሮፕላኑን ያነሣል። ማዕዘኑ ከልክ በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍሰት ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ማንሣቱ ይቀራል። ማዕዘኑ ከልክ በላይ ሲጠብም ክንፉ የሚሠራው ሥራ ያንሳል። ብሌድም እንዲሁ ነው። ለብሌድ ጥሩ የሚባለው የመግጠሚያ ማዕዘን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ነው።

ችግሩ ብሌድ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዞ መጓዙ ላይ ነው። በክብ ይሽከረከራል፣ ከአውሮፕላኑም ጋር ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ በአየር ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ነው። አውሮፕላኑ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይህ መንገድ ወደፊት እየተሳበ ይሄዳል፤ ብሌዱ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘንም እየጠበበ ይመጣል። ብሌዱ በቦታው ጸንቶ የተሠራ ከሆነ፣ በአንድ ፍጥነት ላይ ልክ የሆነው ዘንበል በሌላው ፍጥነት ላይ ልክ አይሆንም።

በቁጥር ስናየው

ነገሩን በቁጥር እንየው። የበረራ ተማሪዎች በብዛት የሚሠለጥኑበት ሴስና 172 የታወቀ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከሞዴሎቹ አንዱ፣ ሴስና 172 ኤን፣ በቁጥሩ መጨረሻ 7557 የሚል የማኮሊ ፕሮፔለር ይገጠምለታል። 75 ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ኢንች፣ ማለትም 190 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 57 ደግሞ ፒቹ ነው። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠጣር ነገር ውስጥ ቢገባ ኖሮ በአንድ ዙር 57 ኢንች፣ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 40 ዙር ይሆናል። ከመሐል እስከ ጫፍ ካለው የብሌዱ ርዝመት ሦስት አራተኛው ላይ ብንለካ፣ የዚህ ፕሮፔለር ዘንበል 18 ዲግሪ ያህል ነው። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ስለሌለ ብሌዱ አየሩን የሚገጥመው በዚሁ በሙሉ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ከጥሩው ልክ እጅግ የራቀ ነው። በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ማዕዘኑ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር በአግድም ሲበር 2 ዲግሪ ያህል ይሆናል። አንድ ብሌድ ሳይንቀሳቀስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ላይ ተሰማርቷል፤ ደህና አድርጎ የሚሠራው ግን የመጨረሻውን ነው።

ብሌድን በቅርበት ያየ ሰው የተጠመዘዘ መሆኑን ያስተውላል። ይህም የዚሁ ስሌት ውጤት ነው። ጫፉ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ለመሐሉ የቀረበው ክፍል ግን አጭር። ሁለቱም እኩል ወደፊት መሄድ ስላለባቸው፣ መሐሉ ላይ ዘንበሉ ሰፊ ሆኖ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ በጠቀስነው ፕሮፔለር ጫፉ 14 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ለመሐሉ ሩብ ያህል ሲቀረው 44 ዲግሪ ይደርሳል።

ማርሽ የማይቀየርበት መኪና

የከባድ መኪና ሾፌር የሊማሊሞን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ያሻግራል። ዝቅተኛ ፒች የሾፌሩ አንደኛ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ሙሉ ጉልበቱንም ይሰጣል፣ አውሮፕላኑ በአጭር መንደርደሪያ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። ከፍተኛ ፒች ደግሞ ለሜዳ የሚሆነው ማርሽ ነው፤ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ያስኬዳል፣ ሞተሩንም ያሳርፋል። ቋሚ ፒች ያለው ፕሮፔለር እንግዲህ ዳገቱንም ሜዳውንም በአንድ ማርሽ ብቻ እንደሚጓዝ መኪና ነው።

ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የመኪና ጎማ አስፋልት ይይዛል፣ ብሌድ ግን የሚይዘው አየር ነው። መኪና በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ሲደክም ሞተሩ ይጠፋል። ብሌድ ግን ከልክ በላይ በሰፋ ማዕዘን ሲዞር ሞተሩን ጎትቶ እያዘገየው አየሩን ያናውጣል እንጂ አውሮፕላኑን በሚገባ አይገፋም። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስጠነቅቅ መብራት የለም፤ የሚያስጠነቅቀው እየረዘመ የሚሄደው መንደርደሪያ ነው።

የጠፋውን ጉልበት ከአውሮፕላኑ መመሪያ ላይ ማንበብ ይቻላል። የዚያው ሴስና 172 ኤን ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 2,700 ዙር ላይ ነው። ቆሞ ስሮትሉ፣ ማለትም የጉልበት መቆጣጠሪያው፣ እስከ መጨረሻው ሲከፈትለት ግን ፕሮፔለሩ ከ2,280 እስከ 2,400 ዙር ባለው መካከል ይይዘዋል። ጉልበት ከዙሩ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ ጉልበት በጣም በሚያስፈልግበት በመነሻው ሰዓት 20 ያህል የፈረስ ጉልበት ከሥራ ውጭ ይሆናል። የሞተሩ ጤና አልተጓደለም፤ ያሠረው የብሌዱ ዘንበል ነው።

ተቃራኒው ምርጫም ዋጋ አለው። ለመውጣት ብቻ ታስቦ ዝቅተኛ ፒች የተሰጠው ፕሮፔለር አግድም በረራ ላይ ቀልሎት ሞተሩን ከተፈቀደለት ዙር በላይ ሊያስኬደው ይችላል። አብራሪው ስሮትሉን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ አውሮፕላኑ ጉልበት እያለው ቀስ ብሎ ይጓዛል። ተንሸራታች አውሮፕላን ለሚጎትት ይህ አይጎዳም፣ ሥራው መውጣት ነውና። ከከተማ ከተማ ለሚጓዝ ሰው ግን ጊዜና ነዳጅ ያስከፍላል።

ለፍጥነት ብቻ ሲታሰብ የሚሆነውን የእንግሊዙ ሱፐርማሪን ኤስ 6ቢ አሳይቷል። ይህ የባሕር አውሮፕላን በ1931 በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ፕሮፔለሩ ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ቋሚ ከፍተኛ ፒች ስለነበረው ግን፣ በዘመኑ ከሁሉ የፈጠነው አውሮፕላን ከውኃው ላይ ለመነሣት እጅግ ይቸገር ነበር።

የሻያን ከፍታ የፈጠረው መፍትሔ

ለእኛ ትልቅ ትምህርት የሚሆነው ታሪክ በአሜሪካ ተራራማ ምዕራብ የተፈጸመው ነው። በ1933 ቦይንግ 247 የተባለ አዲስ የመንገደኞች አውሮፕላን ሥራ ጀመረ። ሁለት ሞተር ያለው፣ ሙሉ ብረት፣ ለዘመኑ የላቀ አውሮፕላን ነበር። ፕሮፔለሮቹ ግን ቋሚ ፒች ነበሩ። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በዋዮሚንግ ግዛት ከተማ በሻያን፣ አየሩ ሳስቶ ተራሮቹም ከፊት ተደርድረው፣ ይህ ዘመናዊ አውሮፕላን መነሣትና መውጣት ከበደው።

መፍትሔውን ያመጣው የፕሮፔለር አምራቹ የሃሚልተን ስታንዳርድ መሐንዲስ ፍራንክ ካልድዌል ነው። ብሌዶቹን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ የሚያስችል ፕሮፔለር አዘጋጀ፤ አንዱ ለመነሣትና ለመውጣት፣ ሌላው ለጉዞ። የሞተሩ ዘይት በግፊት ብሌዶቹን ወደ ዝቅተኛ ፒች ያዞራቸዋል፤ ዘይቱ ሲለቀቅ ከብሌዶቹ ሥር የተገጠሙ ክብደቶች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ከፍተኛ ፒች ይመልሷቸዋል። በሙከራው የመንደርደሪያው ርቀት በ20 ከመቶ አጠረ፣ የመውጣት ፍጥነቱ በ22 ከመቶ ጨመረ፣ የጉዞ ፍጥነቱም በ5.5 ከመቶ አደገ። ሞተሩም ክንፉም አልተነኩም። የ1933ቱ የኮሊየር የአቪዬሽን ሽልማት ለሃሚልተን ስታንዳርድ ሲሰጥ ካልድዌል በስሙ ተመሰገነ፤ ይገባዋልም።

ቁጥሮቹን እናስተውል። ከሁሉ ትልቁ ጥቅም የተገኘው በመነሣትና በመውጣት ላይ ነው፤ ለጉዞው የደረሰው ትርፍ ከዚያ ሩቡን ያህል ነው። ቋሚ ፒች ከሁሉ አብዝቶ የሚጎዳው ዳገቱን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምስክር አላውቅም።

ብልሁ ገቨርነር

ሁለት ቦታ ጥሩ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ቢገኝ ግን ይበልጣል። ቀጣዩ እርምጃ ዙርን የሚጠብቅ ፕሮፔለር ነበር። አብራሪው የሚፈልገውን ዙር ይመርጣል፣ ብሌዶቹም ዙሩ እንዳይለወጥ ራሳቸው ዘንበላቸውን ያስተካክላሉ። በ1940 በጋ፣ የእንግሊዝ ሰማይ የጦር ሜዳ በሆነበት ወቅት፣ የደ ሃቪላንድ ኩባንያ ባለሙያዎች በየአየር ምድቡ እየዞሩ የስፒትፋየርና የሃሪኬይን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ፕሮፔለሮች ወደዚህ ዓይነት ቀየሩ። ጠላት ከላይ ሳይደርስ ከፍታ መያዝ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበርና።

የአሠራሩ ልብ ገቨርነር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው። በውስጡ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከሩ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች፣ እነሱን የሚጫን ሞላ፣ የዘይት መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አሉ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ መውጣት ሲጀምር ሞተሩ ይከብደውና ዙሩ ሊወርድ ይላል። ክብደቶቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ሞላው ቫልቩን ይገፋል፣ ዘይቱ ብሌዶቹን ወደ ዝቅተኛ ፒች ይወስዳቸዋል፣ ዙሩም ይመለሳል። ቁልቁል ሲወርድና ዙሩ ሊያሻቅብ ሲል ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ብሌዶቹ ወደ ከፍተኛ ፒች ሄደው ሞተሩን ያረጋጉታል።

እንዲህ ያለ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሰው ከስሮትሉ አጠገብ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ መያዣ ያያል። አብራሪው ሲነሣ ወደፊት እስከ መጨረሻው ይገፋዋል፤ ከፍተኛ ዙር፣ ዝቅተኛ ፒች ማለት ነው። ወደ ጉዞ በረራ ሲገባ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ዙሩ ወርዶ ድምፁ ይለሰልሳል፣ የሞተሩ ፍትጊያ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይተርፋል።

ቅደም ተከተሉ በሥልጠና አጥብቆ የሚነገር ነው። ጉልበት ሲጨመር አስቀድሞ ዙሩ ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ስሮትሉ ይከፈታል። ጉልበት ሲቀነስ አስቀድሞ ስሮትሉ ይመለሳል፣ ከዚያ ዙሩ ይወርዳል። ይህ የተገለበጠ እንደሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ከባድ ጫና ይሸከምና ሲሊንደሮቹ ይጎዳሉ። ለማረፍ ሲቃረብም መያዣው ወደፊት ይመለሳል። ማረፊያው ባይመች አብራሪው እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በዚያች ቅጽበት ብሌዶቹ ለዳገት ተዘጋጅተው ሊጠብቁት ይገባል። እንደ ዳይመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ ባሉ አዳዲስ አውሮፕላኖች ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ አብራሪው የሚይዘው አንድ መያዣ ብቻ ነው። መያዣው ቢቀርም ዕውቀቱ አይቀርም፤ መሣሪያው ምን እየሠራለት እንዳለ የማያውቅ አብራሪ መሣሪያው ሲታወክ አያውቅም።

መሬት ላይ የሚስተካከለው

በቋሚውና በራሱ በሚስተካከለው መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ። ብዙዎቹ ቀላል የስፖርት አውሮፕላኖች፣ በተለይ ሮታክስ 912 ሞተር ያላቸው፣ መሬት ላይ ብሎኑ ላልቶ ዘንበሉ የሚቀየር ፕሮፔለር ይይዛሉ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ምርጫው ግን ከመነሣት በፊት ስለሚደረግ አየር ላይ አይታረምም።

የምርጫው መለኪያ የሞተሩ ዙር ነው። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ በደቂቃ 5,800 ዙር ለ5 ደቂቃ ብቻ፣ 5,500 ዙር ደግሞ ያለማቋረጥ ይፈቀድለታል። የማርሽ ሳጥኑ ዙሩን በ2.43 ስለሚያካፍለው ፕሮፔለሩ ራሱ የሚዞረው ከ2,400 በታች ነው። ፒች ሲጨመር ዙር ይወርዳል፣ ሲቀነስ ዙር ይወጣል። ሙሉ ስሮትል ተሰጥቶት በአግድም ሲበር ከ5,800 የሚያልፍ ከሆነ ፒቹ አንሷል። ሽቅብ ሲወጣ ዙሩ ወርዶ ሞተሩ የሚያቃስት ከሆነ ፒቹ በዝቷል። ማስተካከያው በግማሽ ዲግሪ ደረጃ እየተሞከረ ይደረጋል እንጂ በአንድ ጊዜ ብዙ አይነካም።

የሥራው ሥርዓት ጥብቅ ነው። ማብሪያው ይጠፋል፣ ቁልፉም ከቦታው ይወጣል፤ እንዲያም ሆኖ ፕሮፔለር ሁልጊዜ ሊነሣ እንደሚችል ነገር ይያዛል፣ ምክንያቱም ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው የማግኔቶ አንድ የተበጠሰ ሽቦ ሞተሩን ሕያው አድርጎ ሊያቆየው ይችላል። ማዕዘኑ በሁሉም ብሌዶች ላይ ከመሐሉ እኩል በራቀ ነጥብ በዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ይለካል። ብሌዶቹ እኩል ካልሆኑ አንዱ አብዝቶ ስለሚስብ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥም ብረት ይሰነጥቃል። ብሎኖቹ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠበቃሉ፣ ሥራው በመዝገብ ይሰፍራል፣ ይህን የሚያደርገውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው።

ደጋው ምን ይጠይቃል?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከሻያንም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በመደበኛ ሙቀት እንኳን ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ቀኑ ሲሞቅ ጉድለቱ ይጨምራል። ብሌዱም የሚይዘው አየር ሳስቶበታል፣ ክንፉም እንዲሁ፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው የመሬት ላይ ፍጥነት ግን ከፍ ብሏል። አራት ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

በ1935 በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተሠራችው ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን፣ በ2024 ከጣሊያን ወደ አገሯ የተመለሰችው፣ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበራት። ያ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ስትነሣ ከዘጠና ያነሰ እንደሚቀራት ከላይ ያልኩት ስሌት ይነግረናል። ሠሪዎቿ የደፈሩትን ነገር በዚህ መመዘን ይገባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመበት ሲ-47 አውሮፕላን ግን ዙሩን ራሱ የሚጠብቅ ፕሮፔለር ነበረው። የአየር መንገዱ የዛሬው ኪው 400 አውሮፕላን ደግሞ ስድስት ብሌድ ያላቸው ሁለት ፕሮፔለሮች ይዞ በደቂቃ 1,020 ዙር ይነሣል፣ ሲወጣ ወደ 900፣ ሲጓዝ ወደ 850 ይወርዳል። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የሄደ መንገደኛ ከተነሡ በኋላ ድምፁ ሲለሰልስ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት፣ የበረራ ክበብ ለማቋቋም፣ ለእርሻ ርጭት ወይም ለቅኝት አውሮፕላን ለመምረጥ ለምታስቡ ምክሬ ግልጽ ነው። ሻጩ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የጉዞ ፍጥነቱን ነው፤ እናንተ ግን ስለ ፕሮፔለሩ ጠይቁ። ፒቹ ስንት ነው? ለመውጣት ነው ወይስ ለጉዞ የተመረጠው? ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ሜዳ፣ በሞቃት ቀን፣ ሙሉ ጭኖ ምን ያህል መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ በደቂቃስ ስንት ሜትር ይወጣል? ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጋምቤላ የሚበቃው ፒች አዲስ አበባ ላይ ላይበቃ ይችላል። ቋሚ ፒች ብቻ ማግኘት የምትችሉ ከሆነ፣ አምራቹ ከፈቀዳቸው መካከል ለመውጣት የሚያደላውን ምረጡ። አቅማችሁ ከፈቀደ ደግሞ ዙሩን የሚጠብቀው ፕሮፔለር ለደጋ አገር ቅንጦት አይደለም።

እንዲህ የምለው በጉዞ ላይ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ሊትር ነዳጅ ስለሆነ ነው። እነዚህ ይተካሉ። በመውጣት ላይ የሚጠፋው ግን ከፊት ባለው ተራራና በአውሮፕላኑ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ያ አይተካም። ብሌዱን የሚያስተካክል ባለሙያ፣ መመሪያውን የሚያነብ አብራሪ፣ ጭነቱን የሚወስን ባለቤት፣ ሦስቱም ይህን ክፍተት ከሁሉ አስቀድመው እንዲያስቡ እለምናለሁ።